አሮጌ መኪና ለምን ነዳጅ ይበላል? መንስኤውን ደረጃ በደረጃ መፈለጊያ መንገድ

አሮጌ መኪና ነዳጅ መብላት ሲጀምር መካሪ አይጠፋም። አንዱ ካንዴላ ቀይር ይላል፤ ሌላው ኢንጀክተር አሳጥብ ይላል፤ ሦስተኛው ሞተሩ አርጅቷል፣ ሽጠህ ተገላገል ይላል። ከሦስቱ አንዱ ልክ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሦስቱም የተናገሩት ሳይለኩና ሳያዩ ነው። በግምት ዕቃ እየገዙ መለዋወጥ ብዙውን ጊዜ መኪናው በትርፍ ከሚበላው ነዳጅ የበለጠ ያስወጣል። ከዚህም አልፎ፣ ጤነኛውን ዕቃ አውጥቶ ጥራቱ ያልታወቀ አዲስ ዕቃ ማስገባት በአንድ ችግር ላይ ሌላ ይደርባል።

ከታች ያለው ቅደም ተከተል በቤንዚን ለሚሠሩ መኪናዎች ነው። ምንም ከማያስወጣው ምርመራ ይጀምርና ሞተር ወደሚያስፈታው የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። ቤንዚን የሚባክንባቸው መንገዶች አራት ናቸው። ሳይቃጠል ይፈስሳል ወይም ይተናል፤ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይወስዳል ወይም የወሰደውን በአግባቡ አያቃጥልም፤ በትክክል ተቃጥሎ የተገኘው ጉልበት በጎማ፣ በፍሬን ወይም በማርሽ በኩል ይጠፋል፤ አለዚያም መኪናው ደኅና ሆኖ ነዳጁን የሚበላው አነዳዱ ነው። ከአራቱ የትኛው እንደሆነ ሳይለይ ዕቃ አይገዛም።

1. በመጀመሪያ ይለኩ

«ዘንድሮ ነዳጅ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል» የሚለው ስሜት ለጥርጣሬ ይበቃል፤ ለምርመራ ግን አይበቃም። በአሮጌ መኪና ላይ የነዳጅ መርፌው ራሱ አይታመንም፤ ግማሽ ላይ ብዙ ቆይቶ በድንገት የሚወርድ አለ፤ ሲሞላም እስከ ጫፍ የማይደርስ አለ። ስለዚህ መርፌውን ይተዉትና በሊትርና በኪሎ ሜትር ይለኩ።

የነዳጅ ጋኑን ይሙሉ። የመቅጃው ቱቦ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሲያቋርጥ በዚያው ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ እየጨመቁ መሙላት ልኬቱን ያበላሻል። የጉዞ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱ፣ ወይም ጠቅላላውን ንባብ ይጻፉ። እንደ ወትሮው ይንዱ። ነዳጁ ከግማሽ በታች ሲወርድ ወደዚያው ማደያ፣ ቢቻል ወደዚያው መቅጃ ተመልሰው በተመሳሳይ መንገድ ይሙሉ። አሁን የገባው ሊትር የተቃጠለው ነው። ለምሳሌ 420 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 38 ሊትር ከገባ፣ 420ን ለ38 ሲያካፍሉ በአንድ ሊትር 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። በሌላው አቆጣጠር 38 በ100 ተባዝቶ ለ420 ሲካፈል በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ይሆናል። የአንድ ጊዜ ሙሌት ያሳስታል፤ የሦስት ተከታታይ ሙሌቶች አማካይ ግን ይታመናል።

ቆጣሪውም ሊዋሽ እንደሚችል አይርሱ። መኪናው ላይ ከፋብሪካው ልክ የሚበልጥ ጎማ ከተገጠመ፣ ጎማው በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ቆጣሪው ከተሄደው ያነሰ ኪሎ ሜትር ይመዘግባል። ያኔ መኪናው ሳይበላ የሚበላ ይመስላል። የስልክ አቅጣጫ ጠቋሚ ከፍተው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱና ሁለቱን ያነጻጽሩ።

ቁጥሩን ከያዙ በኋላ ራስዎን አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ ለውጡ የመጣው በድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ? በአንድ ሳምንት ውስጥ የመጣ ከሆነ የተበላሸ፣ የተነቀለ ወይም የተጣበቀ ነገር አለ። በዓመታት ውስጥ ከሆነ ደግሞ መልፋት ነው። ጋራዥ ገብቶ ከወጣ በኋላ ከጀመረ ፍለጋው የሚጀመረው በዚያ ቀን ከተነካው ነገር ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል ቢመስልም ብዙ ድካም ያስቀራል።

2. አነዳዱን ይመርምሩ

ይህን ክፍል ሁሉም ሰው መዝለል ይወዳል። ቢሆንም መኪናው ሳይለወጥ የሚነዳበት መንገድ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። አዲስ ሥራ፣ አዲስ ሰፈር፣ ልጆች ማድረስ፤ እነዚህ ሁሉ ጉዞውን ያሳጥራሉ። ሞተር እስኪሞቅ ድረስ ብዙ ቤንዚን ይወስዳል፤ እያንዳንዱ ጉዞ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር ከሆነ ሞተሩ ዕድሜውን ሁሉ በማሟሟቅ ያሳልፋል። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ቆሞ የሚሠራ አነስተኛ ሞተር በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያቃጥላል፤ በዚያ ጊዜ የሚሄደው ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው።

በረጅም መንገድ ደግሞ ጠላቱ ፍጥነት ነው። የአየር ግፊያ የሚጨምረው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሆነ፣ በሰዓት ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር ሲወጡ መኪናው የሚገፋው አየር ወደ እጥፍ ይጠጋል። ባዶውን ጣሪያው ላይ የሚኖር የዕቃ መጫኛም ከዚሁ ይቆጠራል፤ የማይጠቀሙበት ከሆነ ያውርዱት። የኋላ ሻንጣውንም ከፍተው ወራት ያስቆጠረውን ዕቃ ያውጡ።

3. ሽታና ጠብታ

ሌሊቱን ባደረ መኪና ዙሪያ ጠዋት ያሽትቱ። ቤንዚን ብዙ ሳይንጠባጠብ ስለሚተን መሬት ላይ እርጥብ ቦታ ካላዩ አይረጋጉ፤ አፍንጫ ከዓይን ይቀድማል። ከጋኑ እስከ ሞተሩ ያለውን መስመር በእጅ ባትሪ ይከተሉ። በብረት ቧንቧና በጎማ ቱቦ መጋጠሚያ ላይ የቆሸሸ እርጥበት፣ ሲታጠፍ የሚሰነጣጠቅ ቱቦ፣ የዛገ ማሰሪያ ካለ ይቀየር። የጋኑን ክዳን ይክፈቱና የጎማውን ማሸጊያ በጣት ይዳስሱ፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ ክዳኑ አይዘጋም። ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚያፈስ ቱቦ ስላለ፣ ቁልፉን ከፍተው ፖምፓው ግፊት ሲሠራ ሌላ ሰው እንዲያይልዎት ያድርጉ። በዚህ ሥራ ላይ ሲጋራም ሆነ ክፍት እሳት በአካባቢው አይኑር፤ የሞተሩም አካል ይቀዝቅዝ።

ፍሳሽ ከተገኘ ሌላውን ሁሉ ትተው መጀመሪያ ያሠሩት። እዚህ ላይ ጉዳዩ የነዳጅ ቁጠባ መሆኑ ቀርቶ የእሳት አደጋ ሆኗል።

4. ጎማና ፍሬን

የጎማ አየር የሚለካው መኪናው ቆሞ ጎማው በቀዘቀዘ ጊዜ ነው። ትክክለኛው ልክ የተጻፈው በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ ባለው ወረቀት ወይም በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ግፊት እንጂ የመኪናዎ ልክ አይደለም፤ ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። በዓይን አይቶ «ደኅና ነው» ማለትም አይሠራም፤ ከሚገባው አንድ አራተኛ ያህል የጎደለበት ጎማ ላየው ሰው ሙሉ ይመስላል። የጎማው ጥርስ በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ ወይም በእጅ ሲዳብሱት እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ደግሞ የጎማዎቹ አቅጣጫ ተዛብቷል፤ እንዲህ ያለ ጎማ ከመሽከርከር ይልቅ አስፋልቱ ላይ እየተጎተተ ስለሚሄድ ሞተሩ ያንን ጉተታ ያለማቋረጥ ይገፋል።

ወደ ፍሬኑ ስንመጣ ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከሚረሱት መንስኤዎች ዋነኛው የማይለቅ ፍሬን ነው። ሾፌሩ ለውጡን ቀስ በቀስ ስለሚለምደው መኪናው «ከበደ» ከማለት በቀር ምንም አይሰማውም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ለሩብ ሰዓት ያህል ፍሬን ብዙ ሳይነኩ ይንዱ፤ በመጨረሻም መኪናው በራሱ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሜዳ ላይ እንዲቆም ያድርጉ። ወርደው እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ብረት ያስጠጉ፤ ዲስኩን አይንኩ፣ ያቃጥላል። የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ቢሞቁ ባህርያቸው ነው። ማነጻጸር ያለብዎት የፊት ግራን ከፊት ቀኝ፣ የኋላ ግራን ከኋላ ቀኝ ጋር ነው። አንዱ ከጓደኛው በግልጽ ከሞቀ፣ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ተጠርጣሪው ተገኝቷል።

ከዚያ መኪናውን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፤ ከሌሎቹ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ያስገቡ፤ ተጠርጣሪውን ጎማ በክሪክ አንሥተው መኪናውን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አይግቡ። ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፤ የተነሣው የኋላ ጎማ ከሆነ የእጅ ፍሬኑንም ይልቀቁ። አሁን ጎማውን በእጅ ያሽከርክሩ። ለስለስ ያለ የመፋተግ ድምፅ እያሰማ ቢዞር ችግር የለውም። ሲያዞሩት የሚታገል ወይም በለቀቁት ቅጽበት ቀጥ የሚል ከሆነ ግን ተይዟል።

የያዘው ምን እንደሆነ የሚለይ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። በካሊፐሩ (የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ በሚጫነው አካል) ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን በጥቂቱ ላላ ያድርጓት። ዘይቱ ፈንጠር ብሎ ወጥቶ ጎማው ወዲያው ነፃ ከሆነ፣ ግፊቱ መመለሻ አጥቶ ታስሮ ነበር ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ያበጠ የፍሬን ቱቦ ነው፤ አንዳንዴም ዋናው የፍሬን ፖምፓ። ብሎኗ ላልታም ጎማው ካልተላቀቀ ችግሩ እዚያው ካሊፐሩ ላይ ነው፤ የዛገ ፒስተን ወይም ቅባት ያለቀበት ተንሸራታች ፒን። ብሎኗን ከነኩ በኋላ የፍሬን ዘይቱን መሙላትና አየሩን ማስወጣት ግዴታ ነው። ይህን ሥራ የማያውቁት ከሆነ ሙቀቱን ለይተው ለመካኒክ መንገርዎ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው። ኋላ ላይ ታምቡር ያላቸው መኪናዎች ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬን ሽቦ በዝገት ተይዞ እንደሆነ ይመልከቱ።

ጎማው ነፃ ሆኖ ሲዞር የሚያጉረመርም ከሆነ ኩሽኔታው ነው፤ ነዳጅ የሚወስደው ጥቂት ቢሆንም ለደኅንነት ሲባል አይቆይም።

5. ሞተሩ ይሞቃል ወይ?

መኪና እንዳይሞቅ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ መኪና ሳይሞቅ መቅረቱ ግን ማንንም አያስጨንቅም። ነዳጅ የሚበላው ይህ ሁለተኛው ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች የሚሠሩት የማቀዝቀዣው ውኃ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ሲሆን ነው። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው በር) ክፍት ሆኖ ከተጣበቀ ወይም፣ ይባስ ብሎ፣ «መኪናው እንዳይሞቅ» ተብሎ ከነጭራሹ ወጥቶ ከተጣለ፣ ውኃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ በራዲያተሩ ይዞራል፤ ሞተሩም በተለይ በፈጣን መንገድ ላይ አይሞቅም። ኮምፒውተር ያለው መኪና ሞተሩ ገና እየሞቀ ነው ብሎ ተጨማሪ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። ቴርሞስታት ማውጣት መጠገን አይደለም፤ የሞቀበትን ምክንያት ሳይፈልጉ መሸፈን ነው።

ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘ ሞተር ላይ ይሞክሩት። ሞተሩን ያስነሡና ወደ ራዲያተሩ የላይኛው ክፍል የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በየጊዜው ይዳስሱ፤ እጅዎንና ልብስዎን ከማራገቢያው ያርቁ። ቴርሞስታቱ በዚያ በኩል በተቀመጠባቸው መኪናዎች ላይ ቱቦው ለብዙ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ቆይቶ ከዚያ በአጭር ጊዜ ውስጥ ትኩስ መሆን አለበት። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ እያለ ለብ የሚል ከሆነ ቴርሞስታቱ አይዘጋም ወይም የለም። ቴርሞስታቱ በታችኛው ቱቦ በኩል በሆነባቸው ሞተሮች ይህ ፈተና አያገለግልምና የሙቀት መርፌውን ይከታተሉ፤ በፈጣን ጉዞ ላይ ከመሐል በታች የሚወርድ መርፌ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ጥርጣሬ ካለ ዕቃውን አውጥቶ በሚሞቅ ውኃ ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር መንከር ይቻላል፤ የሚከፈትበት ዲግሪ አካሉ ላይ ተቀርጿል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ የውኃ ሙቀት ሴንሰሩ ነው። በብዙ አሮጌ መኪናዎች ላይ ዳሽቦርድ ላይ ላለው መርፌ አንድ፣ ለኮምፒውተሩ ደግሞ ሌላ ሴንሰር አለ። ስለዚህ መርፌው ልክ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ሞተሩ በረዶ ነው ብሎ ሊያምን ይችላል። የምርመራ መሣሪያ ካለ ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ፤ የውኃው ሙቀት ንባብ ከአካባቢው አየር ሙቀት ጋር ሊቀራረብ ይገባል። መሣሪያ ከሌለ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይበቃል። የሴንሰሩ ተቃውሞ ሞተሩ ሲሞቅ መቀነስ አለበት፤ በብዙ መኪናዎች በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ 300 ኦም ገደማ ነው። ሞቆም ከሺዎች የማይወርድ ሴንሰር ይቀየር።

6. ካንዴላዎቹ የሚናገሩት

ካንዴላ መቀየር ቀላል ነው፤ ከመጣልዎ በፊት ማየት ግን ይበልጣል። ካንዴላ በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚሆነውን ነገር የሚመዘግብ ምስክር ነውና ምስክሩን ሳይጠይቁ አያሰናብቱት።

ለዚህ ምርመራ መኪናውን በቆመበት አያሠሩት፤ በሚኒሞ ብዙ የቆየ ሞተር ጤነኛ ካንዴላንም ያጠቁራል። በደንብ በሞቀ ሞተር፣ እኩል በሆነ ፍጥነት ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱና ሳያቆዩ ያጥፉ። እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ በትኩስ የአሉሚኒየም ቴስታ ላይ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን ይበላል። በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አቧራ በአየር ይንፉ፤ ከዚያ አንድ በአንድ እየፈቱ በሲሊንደሮቹ ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ይደርድሯቸው። ይህ ድርደራ ካልተጠበቀ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ጫፉ ላይ ያለው ነጭ ሸክላ ፈዛዛ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ከሆነ ቃጠሎው ደኅና ነው። ደረቅ፣ እንደ ከሰል ዱቄት የሚለቅ ጥቁር ጥቀርሻ ነዳጅ የበዛበት ቅልቅል ወይም ደካማ ብልጭታ ነው። እርጥብና የሚያብረቀርቅ ጥቁር የሞተር ዘይት ነው፤ ያረጁ የፒስተን ቀለበቶችን ወይም የቫልቭ ማሸጊያዎችን ያመለክታል። የነጣና ጫፉ የፈላ የሚመስል ደግሞ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ብዙውን ጊዜ ነዳጅ ያነሰው ቅልቅል ነው።

ከቀለሙ የሚበልጠው ግን ሥርጭቱ ነው። ሁሉም በአንድነት ከጠቆሩ መንስኤው ሁሉንም የሚያገለግል ነገር ነው፤ የውኃ ሙቀት ሴንሰር፣ የኦክስጅን ሴንሰር፣ የነዳጅ ግፊት፣ ወይም ኢንጀክተር በሌላቸው መኪናዎች ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር። አንዱ ብቻ ከጠቆረ መንስኤው የዚያው ሲሊንደር ነው፤ የራሱ ካንዴላ፣ ኬብሉ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተሩ። በዚህ ጊዜ ጥቁሩን ካንዴላ ከጤነኛው ጋር ያለዋውጡና ጥቂት ቀን ይንዱ። ጥቁረቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የካንዴላው ነው፤ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ የኬብሉ ወይም የኢንጀክተሩ ነው።

ኬብሎቹን ለመፈተን ጨለማ ይጠብቁ። ሞተሩን አስነሥተው ኮፈኑን ይክፈቱ፤ ሳይነኩ ብቻ ይመልከቱ። በኬብሎቹና በዲስትሪቢውተሩ (ኤሌክትሪኩን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን ዙሪያ ሰማያዊ ብልጭታ ከዘለለ ኤሌክትሪኩ ካንዴላው ጋ ሳይደርስ እየሸሸ ነው።

ሁሉም ጠቁረው ከሆነ አንድ የሁለት ደቂቃ ፈተና ይቀራል። በነዳጅ መስመሩ ላይ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ በቀጭን ቱቦ ከአየር መግቢያው ጋር የተያያዘ ከሆነ ያንን ቀጭን ቱቦ ይንቀሉ። ውስጡ ደረቅ መሆን አለበት። ቤንዚን ካረጠበው ወይም ከሸተተው የመቆጣጠሪያው ስስ ሽፋን ተቀዷል፤ ሞተሩም በኢንጀክተር ሳያልፍ ቤንዚን እየጠጣ ነው።

7. ኮምፒውተሩ የሚያየው

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ፣ ከ2001 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ የተሸጡ የቤንዚን መኪናዎች አንድ ዓይነት የምርመራ ሶኬት አላቸው። ትንሽ ማንበቢያ ገዝተው ወይም ተውሰው ይሰኩ። የስሕተት ቁጥሩን ብቻ አንብበው የተጠቀሰውን ዕቃ ለመግዛት አይሩጡ፤ ቁጥሩ ችግሩ የታየበትን ቦታ ይናገራል እንጂ ማን እንዳመጣው አይናገርም።

ዋናው ነገር የነዳጅ ማስተካከያ የሚባለው በመቶኛ የሚታይ ንባብ ነው። ኮምፒውተሩ ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር እንዲደርስ ይፈልጋል። በጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ትርፍ አየር ካየ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፤ ይህ በመደመር ምልክት ይታያል። አየር ካጣ ይቀንሳል፤ በመቀነስ ምልክት ይታያል። የአጭር ጊዜው (የወቅቱ) እና የረጅም ጊዜው (የተጠራቀመው) ንባብ ተደምሮ በመደመርም ሆነ በመቀነስ ከ10 በመቶ የማያልፍ ከሆነ ሥርዓቱ ደኅና ነው።

አሁን ይህን ከካንዴላዎቹ ቀለም ጋር ያስተያዩ። ኮምፒውተሩ 15 በመቶ እየቀነሰ ካንዴላዎቹም ጥቁር ከሆኑ ሁለቱ ተስማምተዋል፤ በእርግጥ ትርፍ ነዳጅ ከአንድ ቦታ እየገባ ነው፤ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ወይም ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጉ። ኮምፒውተሩ እየጨመረ ካንዴላዎቹ ከነጡ ደግሞ ሳይለካ የሚገባ አየር፣ የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ወይም የደከመ ፖምፓ አለ። እውነተኛው ነዳጅ በሊታ ግን ሦስተኛው ሁኔታ ነው። ኮምፒውተሩ «አየር በዛ» ብሎ 15 በመቶ እየጨመረ ሳለ ካንዴላዎቹ ጥቁር ናቸው። እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ስለዚህ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው እየዋሸው ነው። ወይ ሴንሰሩ አርጅቷል፤ ወይ ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ቧንቧው ተሰንጥቆ የውጭ አየር እየሳበ ነው፤ ወይ አንድ ሲሊንደር በደንብ ስለማያቃጥል ያልተጠቀመበት ኦክስጅን እየወጣ ሴንሰሩን እያታለለ ነው። ሴንሰር ከመግዛትዎ በፊት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያጣሩ፤ አዲስ ሴንሰርም በተሰነጠቀ ቧንቧ ላይ እንደ አሮጌው ይዋሻል።

ሴንሰሩን ራሱን ለመፈተን ሞተሩን በደንብ አሙቀው በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ያቆዩት። የተለመደው የዚርኮኒያ ሴንሰር ንባብ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ድረስ ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ ማለት አለበት። አንድ ቦታ የቆመ ወይም ተኝቶ እንደ ነቃ በዝግታ የሚንቀሳቀስ ሴንሰር ጊዜው አልፏል።

8. ካርቡሬተር ላላቸው

የአየር ማጣሪያውን ክዳን ያንሡ። በሞቀ ሞተር ላይ የቾኩ ሳህን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን የሚያጠበው) ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ በከፊል ከተዘጋ መኪናው ቀኑን ሙሉ የጠዋት ነዳጁን እየጠጣ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ወደ ጉሮሮው ሲያዩ ከዋናው መርጫ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ የተንሳፋፊው ከፍታ ተዛብቷል ወይም የመዝጊያው መርፌ ለፍቷል።

ስለ አየር ማጣሪያው አንድ ነገር ማረም ይገባል። በካርቡሬተር ሞተር ላይ የቆሸሸ ማጣሪያ በእርግጥ ነዳጅ ያስበላል። በኮምፒውተር የሚሠራ የኢንጀክተር ሞተር ግን የሚረጨውን ነዳጅ በገባው አየር ልክ ስለሚመጥን፣ የታፈነ ማጣሪያ የሚወስደው ጉልበት እንጂ ነዳጅ አይደለም። በአሜሪካ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ያገኘውም ይህንኑ ነው። ማጣሪያውን ለሞተሩ ጤና ይቀይሩ፤ የነዳጅ ችግርዎን ይፈታል ብለው ግን አይጠብቁ።

9. የቀሩት

እስከዚህ ድረስ ምንም ካልተገኘ የሚቀሩት ጥቂትና ውድ ናቸው። ዲስትሪቢውተር ባላቸው መኪናዎች የብልጭታውን ጊዜ በመብራት ያስለኩ፤ ከሚገባው የዘገየ ብልጭታ ጉልበት ያጠፋል። በማኑዋል ማርሽ ደግሞ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በአራተኛ ማርሽ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ የሞተሩ ዙር ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በአውቶማቲክ ላይ በ80 ወይም በ90 ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ ላይ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ነዳጁን ሳይለቁ ፍሬኑን በግራ እግር ነካ ያድርጉ፤ ዙሩ ከፍ ብሎ መመለስ አለበት። ምንም ካልተለወጠ ሞተሩን ከማርሹ ጋር አጥብቆ የሚያገናኘው መቆለፊያ አልተቆለፈም ነበር፤ ሞተሩም በከንቱ እየዞረ ነው።

የሲሊንደሮቹን ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ ሲጨምቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ማስለካት የመጨረሻው ነው። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ይመልከቱ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ የሞተር ዘይት ጨምረው ሲለኩ ንባቡ ከወጣ ያለቁት የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው፤ ካልወጣ ቫልቭ ነው። ቫልቭ ከመፈታቱ በፊት ክፍተቱ ይለካ፤ በጠበበ ክፍተት ምክንያት የማይዘጋ ቫልቭ በማስተካከል ብቻ ሊድን ይችላል።

10. ከጥገናው በኋላ

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ከዚያ እንደገና በሙሉ ጋን ይለኩ። ሦስት ዕቃ በአንድ ቀን የቀየረ ሰው መኪናው ቢሻሻልም የትኛው እንደረዳው አያውቅም። ኮምፒውተር ያለው መኪና የቆየውን ማስተካከያ ለመርሳት ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ማንበቢያው ካለ የተጠራቀመውን ያጥፉና የመጀመሪያውን ሙሌት ከስሌቱ ያስወጡት።

ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በትርፍ ነዳጅ ሲሠራ ከቆየ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ያሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን የሚል ወይም ከፍታው ሳይጨመርበት የጨመረ ዘይት ቀጥኗል፤ የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ገና ቢሆንም ከነማጣሪያው ወዲያው ይቀየር። አዲሱ ዘይት በመኪናው መጽሐፍ የተጻፈው ውፍረት ይሁን፤ «ለአሮጌ ሞተር ወፈር ያለ ይሻላል» ተብሎ የሚሞላው ወፍራም ዘይት ሞተሩን ስለሚያከብደው በመከራ ካገኙት ቁጠባ ላይ ጥቂቱን መልሶ ይወስዳል።